ሱፉ ለጾም ይሆናል?

«እታለም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ደብረ ታቦር ሥራ አግኝቼ በጥቅምት መጀመሪያ እገባለሁ። ከአንድ ስስ ሹራብና ከነጠላ በቀር ለብርድ የሚሆን ልብስ ኖሮኝ አያውቅም። ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው (ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተው በጡረታ የወጡ ናቸው)። ባለፈው ቅዳሜ ካፖርት ልንገዛ አብረን ወጣን። እትዬ ገበያ ከገቡ አፋቸው አያርፍም፤ ያውም የጥንት ቀልድ! ሻጩ ልጅ ‹እማማ፣ ንጹህ ሱፍ ነው› ሲላቸው ‹ሱፍ ከሆነማ ለጾም ይሆነናል፤ ኪሎው ስንት ነው?› አሉት። ‹ሦስት ሺህ ስምንት መቶ› ሲላቸው ደግሞ ‹ከነጥጃዋ ነው?› አሉ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ካፖርቱ ካላሞቃት ባል እንፈልግላታለን ብለውም ጨመሩበት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ውጭ ስንወጣ ‹አዋረዱኝ፤ ከእንግዲህ ብቻዬን ነው የምገዛው› አልኋቸው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ዝም ብሏል። ‹ቡና ደርሷል›፣ ‹በሩን ዝጊ›፣ በቃ። ብቻዬን ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቴም ባዶ እጄን ተመለስሁ፤ የቱ እንደሚያሞቅ በምን ይታወቃል? ያለኝ ስድስት ሺህ ብር ነው። ምን ልግዛ? እትዬንስ ምን ልበላቸው?
ብርድ ፈሪዋ»

ብርድ ፈሪዋ፣ ጤና ይስጥልኝ።

መጀመሪያ ስቄ ልጨርስ። «ኪሎው ስንት ነው?» የሚለው ላይ ስደርስ የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥሁ። ሱፍ ሲባል ኮትና ካፖርት ብቻ ትዝ ለሚለው ሰው ላስታውስ፦ ሱፍ ጾም ሲገባ ተወቅጦ፣ ተጠልሎ እንጀራ የሚፈተፈትበትም ነው። እትዬ በአንዲት ቃል የበጉን ጠጉርና የጾሙን ፍትፍት አንድ ላይ አስቀመጡልሽ። ጎጃም ይህን የመሰለውን ሰምና ወርቅ ይለዋል፤ አንቺ ውርደት አልሽው። እሺ፣ በሃያ ስድስት ዓመቴ እኔም ውርደት ነበር የምለው።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ግን ዓይኔን የያዘው ቀልዱ አይደለም፤ በቅንፍ ያስገባሻት ነገር ነች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት! ይህ እንዴት በቅንፍ ይታለፋል? ያ ፋብሪካ ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሣ በ1950ዎቹ ከተተከለ ወዲህ በዚህ ከተማ የስንቱን ቤት ጎጆ እንዳቆመ አንቺም ታውቂዋለሽ። ዕድሜያቸውን ክርና ጨርቅ ሲዳስሱ የኖሩ ሴቶች ደግሞ ጣታቸው ዓይን አለው። አንቺ መንገድ ላይ ያገኘሽውን ሻጭ «ያሞቃል ወይ?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ፤ የሚያውቁት ሰው ቤትሽ ቡና አፍልተው ይጠሩሻል።

እስቲ ያን ቅዳሜ መልሰሽ አስቢው። እትዬ «ከነጥጃዋ ነው?» ሲሉ አፋቸውን ነው ያየሽው። እጃቸውስ የት ነበር? ሳላይ እምላለሁ፤ አንዱ እጃቸው ብብቱ ሥር ገብቶ ስፌቱን እየሳበ ነበር፣ ሌላው ገበሩን እያሸ። የጥንት ሴት ገበያ ላይ የምትቀልደው ሥራ ፈትታ አይምሰልሽ። ሻጭ ሲስቅ ዕቃውን ከእጅሽ አይቀበልሽም፤ «እማማ፣ የሚገዙ ከሆነ ይንገሩኝ» አይልም። እሱ ስቆ እስኪጨርስ እሷ ዚፑን ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘግታለች፣ ኪሱን ገልብጣለች፣ አንገትጌውን አሽትታለች።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ የሰው ዕቃ ስታነውር ሰምቼ አላውቅም። «ይህ ያረጀ ነው» ብትለው ልጁ ፊቱ ይጠቁራል፣ ዋጋውንም ያከርራል። እሷ ግን «የቱርክ ነው» ሲላት «ከቱርክ በእግሩ ነው እንዴ የመጣ? ክርኑ ደክሟል» ትላለች። ዚፑ ሲይዝባት «ጾም ይዞ ነው? አፉን አልከፍት አለኝ» ትላለች። ከወገብ በላይ የሚቀር አጭር ጃኬት ሲያለብሱኝ ደግሞ «ኩላሊቷን ለማን አደራ ብሎ ነው እዚህ ላይ የቆመ?» ብላ ነበር። ያኔ እኔም እንዳንቺ ከኋላዋ ሆኜ መሬት መሬት አይ ነበር። ዛሬ ስቆጥራቸው ግን ሦስቱም ቀልዶች ሦስት የዕቃ ጉድለቶች ናቸው፤ ክርን ያለቀበት፣ ዚፕ የማይሠራ፣ ወገብ የማይሸፍን። ሻጩ ጉድለቱን ሰምቷል፣ ግን አልተሰደበም። ስለዚህ እየሳቀ ይቀንሳል። አሁን የእኛ ሰው ገብቶ ሳይነካው «የመጨረሻ ስንት?» ይላል፤ ሻጩ አንድ ቁጥር ይጠራል፤ ገዢው ይወጣል። ይህም ግብይት ነው መቼስ።

አንድ ነገር ግን ለእትዬ አልፈርድላቸውም። ባል እንፈልግላታለን ያሉትን አንቺ በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ እኔ ግን ያመመሽ እሱ ይመስለኛል። ሱፉ፣ ጥጃዋ፣ ስለ ዕቃው ነው። ያኛው ስለ አንቺ ነው፣ ያውም በማታውቂያቸው ሰዎች ፊት። በእነሱ ዘመን ያላገባች ልጅ የሁሉ ሰው መቀለጃ ነበረች፤ ልማድ ነው፣ ክፋት የለበትም፤ ቢሆንም ያማል። አንቺ ግን አንዱን አሜከላ ልትነቅዪ ብለሽ ማሳውን ሁሉ አቃጠልሽ። «አዋረዱኝ» ስትይ እትዬ የሰሙት «ቀልድዎ ሁሉ ውርደት ነው» የሚል ነው። ለዚህ ነው ቤቱ ዝም ያለው። ቡና ላይ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ «እትዬ፣ በካፖርቱ የፈለጉትን ይበሉ፤ በባል ግን ሰው ፊት አይቀልዱብኝ» ካልሻቸው ይበቃል። ከዚያ በላይ ንግግር አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ብርዱ።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በመቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ አምስት ዲግሪ ያህል ጥለሽ ትወጫለሽ። በዚያ ላይ እኛን ጣና ያባብለናል፤ ውኃው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቅልናል። ሐሙሲትን አልፈሽ፣ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈሽ ዳገቱን ስትጀምሪ ይህ ሞግዚት ከኋላሽ ይቀራል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ምድሩ ቀን የሞቀውን ሌሊት የሚከልለው ደመና ስለሌለ ሁሉንም ወደ ላይ ይሰደዋል። ጠዋት ጥርስሽ ይንቀጫቀጫል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ግንባርሽን ይጠብሰዋል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ብርዱ እንደ ባለዕዳ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። የመጀመሪያ ደመወዝሽን ስታገኚ እሱንም አስቢበት።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በትምህርት አይደለም። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ለሥራ እዚያው ደብረ ታቦር ስገባ፣ ስሙን ከማልጠራው ሱቅ፣ አንድ ቀይ ካፖርት ብቻዬን ገዝቼ ሄድሁ። ብቻዬን የሄድሁት እናቴ እንዳትቀልድብኝ ነው። እንዴት ያለ ካፖርት መሰለሽ! አንገትጌው፣ ቁልፉ፣ ወገቡ ላይ ጥብቅ ማለቱ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከንፈሬ ሰማያዊ ሆኖ ያከራዩኝ ሴትዮ አገኙኝ። ካፖርቱን ገለጥ አድርገው ውስጡን አዩና «ልጄ፣ ገበር የሌለው ካፖርት ለብርድ ይገብራል» አሉኝ። የገዛሁትን ስስ ብርድ ልብስም አይተው «እውነታቸውን ነው የሸጡልሽ፤ ብርድ ልብስ አሉት፣ ይኸው ብርዱ ለብሶታል» አሉ። ሳቄም ለቅሶዬም አንድ ላይ መጣ። የዚያን ዕለት ማታ ጋቢያቸውን አዋሱኝ፤ እስከ ጥር አልመለስሁትም።

ስለዚህ ካፖርት ስትገዢ በመጀመሪያ የምታዪው ውስጡን ነው። ገበር አለው ወይ? ገበሩስ ከላይኛው ጨርቅ ጋር በደንብ ተያይዟል ወይ፣ ወይስ እጅጌው ውስጥ ተቀዷል? ቀጥሎ ጨርቁን አፍሽ ላይ አድርገሽ ንፊበት። ትንፋሽሽ በወዲያኛው በኩል እጅሽ ላይ በደንብ ከተሰማሽ የደብረ ታቦር ነፋስም እንዲሁ ያልፍበታል። ርዝመቱ ከዳሌ በታች ይውረድ። አጫጭሩ ያምራል፣ አልክድም፤ ግን ጠዋት ባጃጅ ላይ በክፍቱ በኩል ስትቀመጪ የእናቴ ጥያቄ ትዝ ይልሻል። አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ ይሁን፣ ሹራብ ደርበሽበት ክንድሽን ወደ ላይ ስታነሺ ብብቱ የማይዝሽ።

እውነተኛ ሱፍ መሆኑን እንዴት ታውቂያለሽ? ከተገዛ በኋላ፣ ወይም ሻጩ ከፈቀደ፣ ከውስጥ ጠርዙ አንዲት ክር መዝዘሽ ራቅ ብለሽ ክብሪት ለኩሺባት። የበግ ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ያልቃል። ናይለንና ፖሊስተር ቀልጦ ትንሽ ጠንካራ እንክብል ይሆናል፣ ፕላስቲክም ይሸታል። ፖሊስተር ይናቅ ማለቴ አይደለም፤ ውስጡ ለስላሳ ጠጉር ያለው ጃኬት ያሞቃል፣ ቶሎም ይደርቃል። የማልወደው ፖሊስተሩን በሱፍ ዋጋ መግዛትን ነው።

አሁን የብዙ ሰው ስሕተት፦ አንድ ወፍራም ነገር ገዝቶ ሁሉን ጨረስሁ ማለት። የሚያሞቅሽ ጨርቁ ብቻ አይደለም፣ በጨርቅና በጨርቅ መካከል የተያዘው አየርም ነው። ጋቢ ለምን አራት እጥፍ ሆነ? ሸማኔው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። አንቺም ከገላሽ ጋር የሚያያዝ ስስና ልክክ ያለ እጅጌ ሙሉ ልበሺ፣ ከላዩ ሱፍ ሹራብ፣ ከዚያ ካፖርቱ። ስድስት ሰዓት ላይ ካፖርቱን ታወልቂያለሽ፣ ሲልም ሹራቡን። አንዱን ወፍራም ብቻ የለበሰች ግን ወይ ትጋገራለች ወይ ትበርዳለች፤ መካከል የላትም። ላብ ያራሰው ጥጥ ማታ ገላሽ ላይ ስለሚቀዘቅዝ ከሥር የሚለበሰውን ትርፍ ይዘሽ ቀያይሪ። ቀሚስ የምትወጂ ከሆነ አትተዪው፤ ከሥሩ ወፍራም ታይት ይበቃዋል፣ ማንም አያይብሽም።

እግር። ጫማ ልትለኪ ስትሄጂ ወፍራም ካልሲሽን አድርገሽ ሂጂ። እግርን የሚያጨናንቅ ቦት ጫማ የቱንም ያህል ጠጉር ውስጡ ቢኖር ጣትሽን ያደነዝዘዋል። ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን፤ ክረምት ሲመጣ ጭቃው የዋዛ አይደለም። ለአንገት የሱፍ ስካርፍ ካገኘሽ ደግ፣ ካላገኘሽ የእትዬን አሮጌ ፎጣ የመሰለ ሻርፕ ለምኚ፤ እንደሚሰጡሽ አውቃለሁ።

ከስድስት ሺህሽ ከግማሹ በላይ ካፖርት ላይ አታውጪ። ሁለት ሹራብና አንድ ደህና ጫማ የሌላት ሴት በምርጥ ካፖርት አትድንም። ሰልባጅ አትናቂ። ደህና የሱፍ ካፖርት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኝ፤ ጠዋት ቦንዳ ሲፈታ ድረሺ፣ ወደ ቀትር የቀረው ሰው ያገላበጠው ነው። ብል የበላው መሆኑን ወደ ብርሃን ዘርግተሽ እዪ፤ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ነጠብጣብ ብርሃን ካሳለፈ ተዪው። ስትወስጂው ሱፉን በፈላ ውኃ እንዳትዘፈዝፊው፣ ተኮማትሮ የሕፃን ይሆናል። ገልብጠሽ ለጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ ስቀዪ፣ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አልብሰሽ ስፌት ስፌቱን በካውያ ሂጂበት። ብርድ ልብሱንና ምንጣፉን ግን ከዚህ ተሸክመሽ አትሂጂ። እዚያው ግዢ። የፋርጣ፣ የደብረ ታቦር ዙሪያ ሰው፣ ብርድን ያውቀዋል፣ ስስ ነገር ቢሸጥ ጎረቤቱ ይስቅበታል። ጋቢ ካለሽ ያዢ፤ ለቤትና ለሌሊት እንጂ ለዝናብ እንዳይሆን፣ ከራሰ ይከብድሻል።

ቀልድ ሸሽተሽ ደብረ ታቦር የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ አዝንልሻለሁ። በምታልፊበት በፎገራ በኩል የተወለዱት አለቃ ገብረ ሃና እኮ ናቸው። የተክሌ አቋቋም የሚባለው ዝማሜ መነሻው የጣና ዳር ሸምበቆ በነፋስ ሲወዛወዝ ማየታቸው ነው ይባላል፤ በልጃቸው በተክሌ ስም የተጠራው ይህ አቋቋም ደብረ ታቦር ላይ ነው ስሙ የገነነው። ሕዝቡ የሚያስታውሳቸው ግን ከዝማሜው ይልቅ በቀልዳቸው ነው። አንድ ቀን አህያ የሚነዳ ሰው አገኙና «እንደምን ዋላችሁ?» አሉት ይባላል። ሰውዬው አክብረውኝ ነው ብሎ ደስ ብሎት እጅ ነሥቶ አለፈ። ጥቂት እንደሄደ ዞር ብሎ አህያዋን አየ፤ ሰላምታው ለሁለት መሆኑ ያኔ ገባው። እዚያ አገር ያከራየችሽ ሴት፣ ጉልት ላይ የተቀመጠችው፣ የሥራ ባልደረባሽም እንዲህ ያለ ነገር ጣል ያደርጉብሻል። እትዬ ያለማመዱሽ ይጠቅምሻል እንጂ አይጎዳሽም።

በመጨረሻ «ምን ልበላቸው?» ላልሽው። ጉልበት ስመሽ ይቅርታ ጠይቂ አልልሽም፤ ብትስሚ አይከፋም፣ ግን እትዬ በዚያ የሚመለሱ አይመስለኝም። ዓርብ ማታ ያቺን ስስ ሹራብሽን ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ጨርቋን በጣቶችሽ መካከል እያሸሽ «እትዬ፣ ይህ ሱፍ ለጾም ይሆናል ወይ?» በያቸው። መጀመሪያ ዝም ይሉ ይሆናል። ከዚያ እጃቸው ወደ ሹራቡ ይሄዳል፤ ይዳስሱታል፣ ይገለብጡታል፣ አንድ ነገርም ይላሉ። ያሉትን ጻፊልኝ፤ እዚህ ገጽ ላይ ቦታ እይዝለታለሁ።

ቅዳሜ በጠዋት አብራችሁ ውጡ፣ ሻጩ መክፈቻ ሳያገኝ። ሱቅ ውስጥ እትዬ ሲጀምሩ አንቺ አፋቸውን ትተሽ ጣታቸውን ተከተዪ፦ የት ጋ ይስባል፣ የት ጋ ይቆማል፣ የቱ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ወፍራም ካልሲሽን አድርጊ። ሹራቡንም ለብሰሽ ሂጂ፣ ካፖርት በሹራብ ላይ ነው የሚለካ። ክብሪቱን አንቺ ያዢ፤ ክሩን ግን እሳቸው ይምዘዙት።

እታለም